ገዢውን የሚመራ የመደብር ማውጫ ስለ ማዘጋጀት

ነጋዴ ዕቃውን አስመጥቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ በዕቃ ቤቱ ካስገባ በኋላ አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ ይኸውም ያ ዕቃ መኖሩንና የሚገኝበትን ስፍራ ለሚፈልገው ሰው ማስታወቅ ነው። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ተብሎ የሚመለስ ገዢ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። በዕቃው ላይ የዋለው ገንዘብ ታስሮ ይቀራል፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ ቤት መሄድን ይለምዳል።

በቀራንዮ ሠፈር በሚገኝ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የደረሰው ነገር ለዚህ ምስክር ሊሆን ይችላል። መደብሩ ከመሸጫው ክፍል በስተጀርባ ሦስት ዕቃ ቤቶች አሉት። የዕቃውን ሁሉ ስፍራ ለይተው የሚያውቁት አንድ አዛውንት የዕቃ ቤት ኃላፊ ብቻ ነበሩ። ገዢ ሲመጣ ሻጩ ወጣት «አባባ፣ የጣሪያ ሚስማር የት ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ከሦስተኛው ቤት፣ ከቀለሙ ኋላ ነው፤ ሂድ ልጄ» ይሉታል። ሥራው በዚህ ዐይነት ለብዙ ዘመን ያለ ችግር ሲካሄድ ቆየ።

አዛውንቱ ታመው ሁለት ወር በተኙ ጊዜ ግን መደብሩ ከዕቃው ግማሹን ያጣ ያህል ሆነ። አንድ አናጢ ከቤቴል ድረስ መጥቶ የጣሪያ ሚስማር ቢጠይቅ «አልቋል» ተብሎ ተመለሰ። ባለቤቱም እውነት ያለቀ መስሎት ከመርካቶ አምስት ካርቶን ጨምሮ ገዛ። በኋላ ዕቃ ቤቱ ሲቆጠር ስምንት ካርቶን ሚስማር ከቀለም ጣሳዎች ኋላ ተደርድሮ ተገኘ። ሚስማሩ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር፤ ወደ እርሱ የሚያደርስ ጽሑፍ ግን በመደብሩ ውስጥ አልነበረም።

የዕቃ መዝገብ እያለ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ፣ የዕቃ መዝገብና ማውጫ የተለያዩ መሆናቸው ነው። መዝገብ የሚጻፈው ለባለቤቱና ለሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ የገባውንና የወጣውን በየቀኑ ቅደም ተከተል ያሳያል። ማውጫ ግን ቤቱን ለማያውቅ እንግዳ የሚጻፍ ነው። እንግዳው የሚጠይቀው ዕቃው በስንት ቀን እንደ ገባ ሳይሆን መኖሩንና የት እንዳለ ነው። ስለዚህ ማውጫ በአንድ ገጽ ላይ የቤቱን ይዞታ በሙሉ የሚያሳይ፣ ከእያንዳንዱም ስም ትይዩ ስፍራውን የሚያመለክት ጽሑፍ መሆን ይገባዋል።

ይህ ዐይነቱ ሥራ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተጻፉ በሳይንስ ምርመራ የተገመቱ ሲሆኑ፣ በመግቢያቸው ላይ ዐሥር ሰንጠረዦች ይገኛሉ። ሰንጠረዦቹን ያወጣው በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሣርያው አውሳብዮስ ነው። አንደኛው ሰንጠረዥ አራቱም ወንጌላውያን የጻፉትን፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሦስቱ የተባበሩበትን፣ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ሁለቱ የተገናኙበትን፣ ዐሥረኛው አንዱ ብቻ የጻፈውን ክፍል በቁጥር ያመለክታል። አንባቢው አራቱን መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ሳያገላብጥ የፈለገውን ስፍራ ያገኛል። ሰንጠረዡ የተቀመጠው በመጽሐፉ መግቢያ መሆኑንም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ መሪ የሚያስፈልገው በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነውና።

አስመጪዎችና ላኪዎች በየቀኑ የሚሠሩበት የጉምሩክ ታሪፍም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዐት፣ በዓለም የሚዘዋወረውን ሸቀጥ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች ከፍሎ ይደለድላል። የመጀመሪያዎቹ 2 ቁጥሮች ምዕራፉን፣ ቀጥሎ ያሉት 2 አንቀጹን፣ ሌሎቹ 2 ንኡስ አንቀጹን ያሳያሉ። የኢትዮጵያ ታሪፍ በእነዚህ ላይ 2 ጨምሮ በ8 ቁጥር ይሠራበታል። ቡና በምዕራፍ 9፣ ሰሊጥ በምዕራፍ 12፣ የብረት ሚስማር በምዕራፍ 73 ይገኛል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ለባለ መደብር ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ምዕራፍ 77 ለወደፊት ሊያስፈልግ ይችላል ተብሎ ባዶውን ተይዟል። ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰውም ነገ ለሚመጣው ዕቃ ቦታ ካልተወ፣ በየጊዜው ወረቀቱን ከመቅደድ አይድንም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ።

አንደኛ፤ ዕቃው በሙሉ ከነስፍራው ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቤትና ለእያንዳንዱ መደርደሪያ በጉልህ የሚታይ ቁጥር ይለጠፍበት። «ከቀለሙ ኋላ» የሚለው ምልክት ቀለሙ በተሸጠ ማግሥት ዋጋ ያጣል፤ «ዕቃ ቤት 3፣ መደርደሪያ 2» የሚለው ግን አይለወጥም።

ሁለተኛ፤ ዕቃው በየወገኑ ይከፈል። የሕንፃ መሣሪያ ለሚሸጥ ቤት የጣሪያ፣ የበርና የመስኮት፣ የውሃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ፣ የቀለም፣ የእጅ መሣሪያ ተብሎ ስድስት ወይም ሰባት ወገን ቢሆን ይበቃል። ወገኑ ከዐሥር ሲያልፍ እንግዳው ግራ ይጋባል።

ሦስተኛ፤ ስሙ ገዢው የሚጠራው ስም ይሁን። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ተዛውሮ የተቋቋመው መርካቶ በየተራው የተከፈለ መሆኑ ይታወቃል። ሸራ ተራ ሲባል ለእንግዳም ነገሩ ይገባዋል። በኮልፌም አጠና ተራ ሲባል አጠና የሚፈልግ ሰው መንገዱን አይስትም። ቦምብ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ሲባል ግን፣ ነባሩ ነጋዴ ጠንቅቆ ቢያውቀውም፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ገዢ ምን እንደሚሸጥበት ከስሙ ሊረዳ አይችልም። በመደብርም ውስጥ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት ስም ይኖራል፤ ያን በማውጫው ላይ መጻፍ ግን እንግዳውን አይጠቅመውም።

አራተኛ፤ አንድ ስም ለሁለት ዕቃ፣ ሁለት ስምም ለአንድ ዕቃ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁልፍ ስንል የበሩን፣ የሣጥኑን ወይም የልብሱን ማለታችን ሊሆን ይችላል። የጉምሩክ ታሪፍ የበሩን ቁልፍ በምዕራፍ 83፣ የልብሱን በምዕራፍ 96 የመደበው ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል አንዱ ገዢ «ጓጉንቸር» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው «ተንጠልጣይ ቁልፍ» ይላል፤ አንዱ «ፌሮ» ሲል ሌላው «የአርማታ ብረት» ይላል። ሁለቱም ስም በማውጫው ይግባ፤ ስፍራው ግን በአንዱ ብቻ ተጽፎ ከሌላው ትይዩ «እገሌን ተመልከት» ይባል።

አምስተኛ፤ ስሞቹ ገዢው በሚያውቀው የፊደል ተራ ይሰለፉ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በአ በ ገ ደ ተራ የተዘጋጁ ናቸው። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ሆነው ሳለ፣ በሀ ለ ሐ መ የተማረ ሰው ሲገልጣቸው የፈለገውን ቃል ለማግኘት መጀመሪያ ይቸገራል። ሊቅ ለቋንቋው ጥናት ሲል ያደረገው ነው፤ ለመደብር ግን የሚበጀው ሕዝብ የለመደው ሀ ለ ሐ መ ነው። እንዲሁም በአማርኛ ድምፃቸው የተመሳሰለ ፊደላት አሉ፤ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ሳሙናን አንዱ ጸሐፊ በእሳቱ «ሰ»፣ ሌላው በንጉሡ «ሠ» ሊጽፈው ይችላል። በማውጫው ውስጥ እነዚህ እንደ አንድ ፊደል ተቆጥረው በአንድ ስፍራ ካልተጠቃለሉ፣ ዕቃው ሁለት ቦታ ተበትኖ ፈላጊው ያጣዋል።

ለምሳሌ ያህል ጥቂት መስመሮች ቀጥሎ ተጽፈዋል።

ሚስማር፣ የእንጨት — ዕቃ ቤት 3፣ መደርደሪያ 1
ሚስማር፣ የጣሪያ — ዕቃ ቤት 3፣ መደርደሪያ 2
ቀለም፣ የግድግዳ — ዕቃ ቤት 3፣ መደርደሪያ 4
ቁልፍ፣ ተንጠልጣይ — መሸጫ ክፍል፣ መደርደሪያ 5
ቁልፍ፣ የበር — መሸጫ ክፍል፣ መደርደሪያ 6
ቆርቆሮ — ዕቃ ቤት 1፣ በስተቀኝ
ብሎን — ዕቃ ቤት 2፣ መደርደሪያ 3
ብረት፣ የአርማታ — ዕቃ ቤት 1፣ በስተግራ
ጓጉንቸር — «ቁልፍ፣ ተንጠልጣይ»ን ተመልከት
ፌሮ — «ብረት፣ የአርማታ»ን ተመልከት

ቀለም፣ ቁልፍና ቆርቆሮ የተከታተሉት «ቀ» ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባለው ቅደም ተከተል ነው።

ስድስተኛ፤ ዋጋ በማውጫው ላይ አይጻፍ። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ገጹ በሰረዝና በድልዝ ይበላሻል። የዋጋ ዝርዝር ለብቻው ይዘጋጅ። በማውጫው ግርጌ ግን የተዘጋጀበት ቀንና ያዘጋጀው ሰው ስም ይጻፍ፤ ቀን የሌለው ማውጫ ሊታመን አይችልም።

ላኪዎችም ከዚህ ትምህርት ይጠቀማሉ። የቡና ናሙና የሚያስቀምጥ ቤት ናሙናውን በመጣበት አገር፣ ማለትም ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ጅማ፣ ለቀምት ብሎ ቢከፍል መልካም ነው። ነገር ግን የአገሩን ስም የማያውቅና «የታጠበ ቡና ስጡኝ» ብሎ የሚገባ ገዢም አለ። ስለዚህ አንዱ ማውጫ በአገሩ፣ ሁለተኛው በአዘገጃጀቱ፣ የታጠበና ያልታጠበ ተብሎ ቢዘጋጅ፣ ሁለቱም ገዢዎች በየመንገዳቸው ወደ አንዱ ናሙና ይደርሳሉ። ዝርዝሩ ለውጭ ደንበኛ በእጅ ስልክ ቢላክም ደንቡ ያው ነው፤ ሃምሳ ስም ያለ ተራ የተከመረበት መልእክት የሚያነበው የለም።

በመጨረሻ ማውጫው ይፈተን። ፈታኙ የቤቱ ሠራተኛ ሊሆን አይገባም፤ እርሱ ሳያነብ ያውቀዋልና። ከጎረቤት አንድ ሰው ተጠርቶ ወረቀቱ ይሰጠውና አምስት ዕቃ ያለ ጠያቂ ያግኝ። ከአምስቱ አንዱን ካጣው ጥፋቱ የወረቀቱ እንጂ የሰውዬው አይደለም። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር፣ ገጹ ይታረም።

ከላይ የተነገረለት የቀራንዮ መደብር በዚህ ዐይነት አንድ ገጽ አዘጋጅቶ በመሸጫው ግድግዳ ላይ ለጠፈ። አዛውንቱ ድነው ወደ ሥራቸው በተመለሱ ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ሁለት ስሕተት አግኝተውም አሳረሙ፤ ሦስት የተረሱ ዕቃዎችም አስጨመሩ። ይህም ማውጫ የሽማግሌን ዕውቀት የሚተካ ሳይሆን ከራሱ ከባለቤቱ እየተቀዳ ለሌሎች የሚቆይ መሆኑን ያሳያል። እንዲህ ያለ ሰው በመደብሩ ያለው ነጋዴ፣ ሰውዬው በጤና ሳለ አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ገጽ ቢጽፍ፣ ድካሙ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።