አእምሮን በሥጋ በኩል ስለ መንከባከብ

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር በተጋደመ ጊዜ፣ ከመዛሉ የተነሣ ሞትን ለምኖ ነበር (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። እግዚአብሔር ግን መልአኩን የላከው ሊገሥጸው ሳይሆን እንጎቻና ውሃ ይዞለት ነው። ነቢዩ በልቶና ጠጥቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ተቀስቅሶ በላ። ወደ ኮሬብ ተጉዞ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን የምናነሣው፣ ስለ ነፍስ ስናስተምር ሥጋን እንደ ባዕድ የመቁጠር ልማድ በመካከላችን ስላለ ነው። አንጎል የሥጋ ብልት ነው። ክብደቱ ከሰውነታችን ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኃይል ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል። ይህም በደም አማካይነት የሚደርሰው ስለሆነ፣ ልብንና የደም ሥሮችን የሚጎዳ ነገር ማሰብንና ማስታወስንም ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 120 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። እኩሌቶቹ በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው እንዲራመዱ፣ የቀሩት ሰውነታቸውን በማፍታታት ብቻ እንዲወሰኑ ተደረገ። ለማስታወስ የሚያገለግለው፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በእርጅና እየቀነሰ የሚሄድ ሆኖ ሳለ፣ በሚራመዱት ዘንድ ከመቶ 2 እጅ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ በሌሎቹ ግን ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ይህንኑ ውጤት ስላላገኙ፣ መራመድ ከመርሳት በሽታ ፈጽሞ ይጠብቃል ማለት አይቻልም። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የአእምሮን መድከም ለመቀነስ የአካል እንቅስቃሴን መክሯል።

እንግዲህ አረጋውያን ወላጆቻችንን «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እናደርገዋለን» እያልን ከወንበር እንዳይነሡ ማድረጋችን፣ ከአክብሮት የመነጨ ቢሆንም፣ የሚጠቅማቸው አይመስለንም። አቅማቸው ከፈቀደ ወደ ቅዳሴ በእግራቸው ይምጡ፤ ክንዳቸውን የሚደግፍ የልጅ ልጅም አይጠፋም። የማያንሸራትት ጫማ መግዛት ደግሞ የልጆች ድርሻ ነው።

የጾም ማዕዳችን፣ ይኸውም ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላውና ጎመኑ፣ ባለሙያዎች ለልብና ለአንጎል ይበጃል ከሚሉት አመጋገብ ብዙ አይርቅም። የሚያበላሸው ጨው ማብዛት ነው፤ ጨው የደም ግፊትን፣ ግፊቱም በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ጉዳትን ያስከትላል። ጨው ጥቂት ይሁን፤ ያም ጥቂቱ አዮዲን ያለበት ይሁን። እናት በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን በጣም ካነሳት የሕፃኑ አንጎል እድገት ይሰናከላልና። አዮዲን በእሳት ላይ ሲቆይ ስለሚቀንስ፣ ጨዉን ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር፣ ዕቃውንም መክደን ያስፈልጋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ቃል ጥናት የማይያዝለትን፣ በትምህርት መካከል የሚያንቀላፋውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ምን በልቶ እንደ መጣ ጠይቁት፤ በጓደኞቹ ፊት ግን አይሁን። ቁምስናው ከቅዳሴ በኋላ ለልጆቹ ቆሎና ውሃ ቢያዘጋጅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከቁርባን ጾምም ጋር አይጋጭም።