ጎርፉ ቡሪ ሳይደርስ ወሬው መተማ ይድረስ

በካርቱም ምሥራቅ የሚገኘው ቡሪ ሰፈር የጥቁር ዓባይ ዳር ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የወንዙ ከፍታ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል አለፈ፤ ሱዳንም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ያ ውሃ በአብዛኛው አስቀድሞ የዘነበው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከድንበሩ ተነሥቶ ካርቱም እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። ለከብት ነጋዴ እነዚያ ቀናት ገንዘብ ናቸው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 15 በሬ የጫነ መኪና በጎርፍ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ እንበል። እያንዳንዱ በሬ 300 ኪሎ ቢሆንና በረሃብ፣ በጥምና በድካም 8 በመቶ ቢከሳ፣ በጠቅላላው 360 ኪሎ ይጠፋል። ይህ ከአንድ ሙሉ በሬ ይበልጣል። የመኪናው ቀን፣ የእረኛውና የመኖው ወጪ ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ መረጃ የሚፈለገው ከጭነት በፊት ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየዕለቱንና የአሥር ቀኑን ትንበያ ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ቢሮ በክረምት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ደግሞ የወቅቱን ዝናብ ቀድሞ ይተነብያል።

ወንዞቹን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ጥቁር ዓባይ ላይ የሕዳሴ፣ የሮሰይረስና የሰናር ግድቦች የሚለቁት ውሃም ይወስናል፤ ስለዚህ የደጋው ዝናብ ብቻ አይበቃም። ሱዳን ሲገባ ራሃድ የሚባለው ሽንፋ ግን የሚመጣው በእነዚህ ግድቦች በኩል አይደለም። ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ የሚሄድ ጭነት ይህን ወንዝ መጠየቅ አለበት።

በቴሌግራም የሚዞር የጎርፍ ቪዲዮ የዓምና ሊሆን ይችላል። ቦታውና ቀኑ ካልታወቀ፣ መንገዱ ላይ ያለ ሾፌር ወይም ደላላ በድምፅ ካላረጋገጠው ዋጋ አይቆረጥበትም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በሱዳን ኔትወርክ በየጊዜው ይቋረጣል። በመሆኑም ሾፌሩ የሁለቱን አገር ሲም፣ ባትሪው የሚቆይ ባለቁልፍ ስልክና ትንሽ ሬዲዮ ይያዝ። ከመነሣቱ በፊትም ሦስት ነገር ከነጋዴው ጋር ይቁረጥ፦ በስንት ሰዓት እንደሚደዋወሉ፣ ስልክ ቢጠፋ የት እንደሚቆም፣ ከብቱን የሚያወርድበት ከፍታ ቦታ የቱ እንደሆነ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራው አስቀድሞ የተቆረጠው ውል ብቻ ነው።