በዕረፍት የማይለቅ ድካም በጤና ጣቢያ

ጥያቄ፦ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ የሆኑ አንባቢ፣ ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ እንቅልፍ የማያስታግሰው ድካም ያለበት ሰው የደም ምርመራው «ደህና ነው» ሲባል ጤና ጣቢያው ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ እንዲህ ያለው ድካም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ራሱን የቻለ የላቦራቶሪ ምርመራ ስለሌለው፣ አስቀድሞ ደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ የስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሕመም መኖር አለመኖራቸው ይጣራል፤ ይህ ተገቢ ሲሆን፣ ስህተቱ ውጤቱ ንጹሕ ሲሆን ታካሚውን በቫይታሚን ብቻ ማሰናበቱ ነው። የሕመሙ ዋና መለያ ከጥረት በኋላ የሚከተል መባባስ ነው፤ ይኸውም ቅዳሜ ጥቂት ልብስ ያጠበ ሰው እሑድ ወይም ሰኞ ከአልጋ መነሳት የሚያቅተው ዓይነት፣ ዘግይቶ የሚመጣ መዛል ስለሆነ፣ «ይደክምዎታል?» ከማለት «በማግስቱ እንዴት ይሆናሉ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። መቆም የሚያስከትለውን ለውጥ ለማየት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ታካሚው ተኝቶ፣ ከዚያም 10 ደቂቃ ቆሞ መለካትም ከመለኪያውና ከሰዓት በቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። የብሪታንያው መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2021 በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ የአካል እንቅስቃሴ ለዚህ ሕመም እንዳይታዘዝ ስለወሰነ፣ «ስፖርት ይሥሩ» የሚለው የተለመደ ምክር ቀርቶ አቅምን መጥኖ መሥራት ይመከራል፤ ካርድ ክፍል በር ላይ ለሚጠብቅ እንዲህ ያለ ታካሚ ደግሞ ወንበር ማቅረብ የሕክምናው አካል ነው።