ሌባ ሲነካት የምትጮኽ መኪና

ከብት የሚያረባ ሰው ቃጭል ለምን እንደሚታሰር ያውቃል። ላሟ ጫካ ብትገባ ቃጭሉ ያለችበትን ይናገራል። ሌሊት ሌባ ከበረት ቢያወጣትም ይናገራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ይነቃል። "ማነው!" ይላል። ጎረቤትም ይሰማል። ሌባ ከዱላው በፊት የሚፈራው መሰማትን ነው።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ሰዎች በመኪና ላይ ቃጭል ለማሰር ያደረጉትን ጥረት ነው። ነገሩ የተጀመረው በአገራችን ሳይሆን በአውሮፓና በተለይም በአሜሪካ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያልተቆለፈ ንብረት

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሲሠሩ ስለ ሌባ ብዙ አልታሰበም። አብዛኞቹ እንደ ጋሪ ክፍት ነበሩ። ጣሪያቸው የሚታጠፍ ሸራ ነው። በር ያላቸውም ቢሆኑ በራቸው አይቆለፍም። ይህ በመጀመሪያ ብዙ ጉዳት አላመጣም። መኪና ያላቸው ጥቂት ሀብታሞች ነበሩ። መንዳት የሚያውቅም ሰው ጥቂት ነበር። መንዳት የማያውቅ ሌባ መኪና አግኝቶ ምን ያደርጋታል? እንደ በሬ እየነዳ አይወስዳት፣ እንደ እህል በጆንያ አይሸከማት!

ስለዚህ አደጋው የሚመጣው ሙያውን ከሚያውቀው ሰው ነበር። የመጀመሪያው የመኪና ስርቆት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1896 በፈረንሳይ አገር በፓሪስ የተፈጸመው ነው። ባሮን ደ ዙይለን የሚባሉ ባለጸጋ ፔዦ የተባለች መኪና ነበረቻቸው። መኪናዋ ለጥገና ከገባችበት ቦታ ጠፋች። የወሰዳት የራሳቸው መካኒክ ሆኖ ተገኘ። ሩቅ ሳይደርስም ከነመኪናዋ ተያዘ።

ከ12 ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1908 ሄንሪ ፎርድ የተባለው አሜሪካዊ ባለፋብሪካ በዲትሮይት ከተማ "ሞዴል ቲ" የምትባለውን መኪና አወጣ። መጀመሪያ ዋጋዋ 850 ዶላር ነበር። ፋብሪካው ሥራውን እያፋጠነ ሲሄድ ዋጋው እየቀነሰ በ1925 እስከ 260 ዶላር ወረደ። ምርቱ እስካቆመበት እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ተሠርተዋል። ገበሬው፣ ወዛደሩ፣ ነጋዴው ሁሉ መኪና ገዛ። መንዳትም ለመደ። ከእነሱ ጋር ሌባውም መንዳት ለመደ።

ሞዴል ቲ ለሌባ የምትመች መኪና ነበረች። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ከፋብሪካ የሚወጡት ሁሉ ጥቁር ነበሩ። መልካቸው አንድ፣ ቁመናቸው አንድ። ምልክት የሌላት ጥቁር ፍየል በገበያ ቀን ከመቶ ጥቁር ፍየሎች ጋር ብትቀላቀል ማን ለይቶ ያወጣታል? ቁልፍ ሲገባላቸውም የቁልፉ ዓይነት ጥቂት ስለነበረ የአንዱ ሰው ቁልፍ የሌላውን መኪና ሊያስነሳ ይችል ነበር። እንዲህ ያለውን ቁልፍ እኛ ቁልፍ ብለን ለመጥራት ይከብደናል።

ስርቆቱ በጣም ስለበዛ የአሜሪካ መንግሥት በ1919 ሕግ አወጣ። የተሰረቀ መኪና ከአንድ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው እስከ 5 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 5,000 ዶላር መቀጫ እንዲቀጣ ተወሰነ። ሕግ ግን የሚሠራው ሌባው ከተያዘ በኋላ ነው። ባለመኪናው የሚፈልገው መኪናዋ ከቆመችበት እንዳትነሳ ነበር።

የማኖቬላው ደወል

የዚያን ዘመን መኪና ሞተር የሚነሳው በእጅ ነበር። ሾፌሩ ከመኪናዋ ፊት ቆሞ ይጎነበሳል። ማኖቬላ የሚባለውን ቆልማማ ብረት ሞተሩ ላይ ይሰካል። ከዚያም በኃይል ያዞረዋል። ሞተሩ አንዳንዴ ቶሎ ይነሳል፣ አንዳንዴም ያስቸግራል። ሌባም ቢሆን ከዚህ ድካም አያመልጥም። ማኖቬላውን ሳያዞር መኪናዋን ማስነሳት አይችልም።

የመጀመሪያው የመኪና ደወል የተሠራው ይህን በማሰብ ነው። በ1913 በአሜሪካ አገር አንድ እሥረኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንደፈለሰፈ ይነገራል። ባለቤቱ መኪናውን ሲያቆም መሣሪያውን በእጁ ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ሞተሩን ላዞር ሲል መሣሪያው ይጮኻል። ፈልሳፊው እሥረኛ መሆኑ አያስደንቅም። የሌባን ጠባይ ከሱ የበለጠ በቅርብ የማየት ዕድል ያለው ማን ነው?

ደወሉ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንመልከት። ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ባትሪ፣ ሽቦና ደወል። የባትሪው ኃይል በሽቦ ይሄዳል። በመስኖ ቦይ እንደሚሄድ ውኃ ነው ብንል ለማስረዳት ይረዳናል። ግን አንድ ልዩነት አለው። ውኃ ማሳው ላይ ደርሶ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ግን ከባትሪው ወጥቶ፣ በደወሉ አልፎ፣ ተመልሶ ወደ ባትሪው መግባት አለበት። ዙሩ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ መንገዱ ሁሉ ይቆማል፤ ደወሉም ዝም ይላል። ዙሩ ሲገጥም ደወሉ ይጮኻል። በመኪና ላይ ለመመለሻ ሌላ ሽቦ መዘርጋት አያስፈልግም። የመኪናዋ ብረት ራሱ እንደ ሽቦ ሆኖ ኃይሉን ይመልሳል።

እንግዲህ ጥበቡ ያለው ዙሩን በሚቆርጠውና በሚገጥመው ትንሽ ነገር ላይ ነው። የምትጠብቀውን ንብረት ሌባው ሲነካ፣ ራሱ ሳያውቀው ዙሩን እንዲገጥም ማድረግ ነው። ሌባው በገዛ እጁ ደወሉን ይደውላል።

ይህ አሳብ በመኪና አልተጀመረም። አውጉስተስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ በ1853 ለመኖሪያ ቤት እንዲህ ያለ ደወል ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አግኝቶበት ነበር። በር ወይም መስኮት ሲከፈት ዙሩ ይገጥምና ደወሉ ይደውላል። በ1857 ኤድዊን ሆምስ የተባለ ነጋዴ መብቱን ገዝቶ ሥራውን አስፋፋው። ቆይቶም የብዙ ቤቶችን ሽቦ ዘበኞች ወደሚቀመጡበት አንድ ቢሮ ማገናኘት ተጀመረ። ደወሉ ሲደውል ዘበኛው ብድግ ብሎ ይሄዳል።

መኪና ግን ቤት አይደለችም። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ትቆማለች። ከዘበኛ ቢሮ ጋር በሽቦ ልትታሰር አትችልም። ስለዚህ በአጠገቧ ለሚገኝ ሰው ሁሉ ከመጮኽ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ይህን ለማስተካከል በ1916 አንድ አሳብ ቀርቦ ነበር። ባለቤቱ አንድ መቀበያ መሣሪያ ይዞ ይዞራል፤ መኪናዋ ስትነካ መሣሪያው እሱ ዘንድ ይንዘዘዛል። አሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከብዙ አሥር ዓመታት በኋላ ነው።

ማኖቬላው ሲቀር

በዚህ መካከል መኪናዋ ራሷ ተለወጠች። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው መሐንዲስ ሞተርን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ሠራ። ሾፌሮቻችን ሞተሪኖ የሚሉት ነው። በ1912 ካዲላክ በተባለችው ውድ መኪና ላይ ተገጠመ። በ1919 ደግሞ ለሞዴል ቲም መጣ። ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ብሎ ማኖቬላ ማዞር እየቀረ ሄደ። ለሾፌሩ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ለሌባውም እንደዚሁ። አሁን መንገድ ላይ ተጎንብሶ ሲታገል አይታይም። ወንበሩ ላይ እንደ ባለቤት ተቀምጦ ማስነሻውን ይጫናል፤ ይሄዳል።

የማኖቬላው ደወልም ዋጋ አጣ። ስለዚህ መጠበቂያው ወደ በሩ ተዛወረ። በሩ ሲዘጋ የምትረገጥ ትንሽ ቁልፍ ትደረጋለች። በሩ ሲከፈት ቁልፏ ወደ ውጭ ብቅ ትላለች፤ ዙሩም ይገጥማል። በመኪና የሄደ ሰው በሩን ሲከፍት ውስጥ መብራት ሲበራ አይቶ ይሆናል። የዚያ መብራት አሠራር ይኸው ነው። በመብራቱ ፈንታ ደወል ወይም ጡሩምባ እንደተገጠመ አስቡ።

ሌባው ግን ብልኀት አያጣም። በሩን ከፍቶ ደወሉ ሲጮኽ ቶሎ መልሶ ቢዘጋውስ? ለዚህ መልስ ተበጀለት። ዙሩ አንድ ጊዜ ከገጠመ በሩ ቢዘጋም ባለቤቱ እስኪያጠፋው ድረስ እንዳይለቅ ተደረገ። የባትሪውን ሽቦ ቢቆርጠውስ? የሞተሩ መክደኛም እንደ በሩ ቁልፍ ተገጠመለት። መኪናዋን ጎትቶ ቢወስዳትስ? ለዚህ ደግሞ ክብደት ያለው ትንሽ ብረት በሞላ ላይ ይንጠለጠላል። መኪናዋ ስትነቃነቅ ብረቱ ይወዛወዝና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ይነካል። በነካ ቁጥር ዙሩ ይገጥማል። ይህ በእውነቱ የከብቷ ቃጭል ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ባትሪ መጨመሩ ብቻ ነው።

ለጩኸቱ ብዙዎች የመኪናዋን የራሷን ጡሩምባ ተጠቀሙ። ስለ ጡሩምባ ካነሣን አይቀር፣ ክላክስ የምንለው ቃል የመጣው በ1908 አካባቢ በአሜሪካ ገበያ ከወጣ ክላክሰን ከተባለ የመኪና ጡሩምባ ስም ነው። በጣሊያንኛ ክላክሶን ተባለ። እኛም ክላክስ አልነው።

ደወል መግዛት ያልፈለገ ሰው ሌላ ዘዴ ነበረው። አንዳንዱ የመኪናውን ጎማ በሰንሰለት ጠፍሮ በጓጉንቸር ይቆልፋል። በዚያን ዘመን የጎማው ማቀፊያ እንደ ጋሪ የእንጨት ዘንግ ስለነበረው ሰንሰለት ለማስገባት ይመቻል። ከሁሉ የሚያስቀው ግን የጎማው ሰው ነው። በአየር የሚነፋ፣ ሾፌር የሚመስል የላስቲክ ሰው ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ ነፍቶ መሪው ፊት ያስቀምጠዋል። ሌባው ከሩቅ ሲያይ ሰው ያለበት ይመስለዋል። ማሽላ ላይ ለወፍ ማስፈራሪያ የሚያቆም ገበሬ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ወፎቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ማስፈራሪያው ራስ ላይ እንደሚያርፉም ያውቃል።

ማን ይነሳል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ደወል ሌባን አይዝም። እጁንም አይመታም። የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው መጥራት። በመንደራችን ኡኡታ ሲሰማ ሰው ዱላውን ይዞ የሚወጣው ጮኺውን ስለሚያውቀው፣ ነገም እሱ ሲጮኽ እንደሚወጡለት ስለሚያውቅ ነው። ያለ ነገር ኡኡ የሚል ሰው በሦስተኛው ሌሊት ማንም አይወጣለትም።

በመኪና ደወል የደረሰው ይኸው ነው። መኪናና ደወል ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ሰው ዞር ብሎ ያይ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ግን በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ደወል ያለው መኪና እየበዛ ሄደ። ያ የሚወዛወዝ ብረት ሌባን ከነፋስ አይለይም። ትልቅ የጭነት መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ይነቃነቃል፤ ይጮኻል። ድመት ስትዘልበት ይጮኻል። ነጎድጓድ ሲሆን የአንድ መንገድ መኪኖች በሙሉ አንድ ላይ ይጮኻሉ። ሰዎች ከአልጋቸው እየተነሱ ሌባ ፍለጋ መውጣታቸውን ተዉ። ትራሳቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ባለመኪናውን መራገም ጀመሩ። በ1990ዎቹ በኒው ዮርክ ከተማ ሕግ የተደነገገው በሌባው ላይ ሳይሆን በደወሉ ላይ ነበር። የመኪና ደወል ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳይጮኽ ታዘዘ። በዚያ ከተማ ልምድ ላለው ሌባ 3 ደቂቃ በቂ ጊዜ ነበረች።

በእኛ አስተያየት የደወሉ ሠሪዎች የደከሙት ጩኸቱን ከፍ ለማድረግ ነበር። የሚሰማው ሰው ግን የሚጮኽበትን ምክንያት እንጂ የጩኸቱን መጠን አይለካም።

ዝም የሚለው ዘብ

መሐንዲሶች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ሰው የማይጠራ፣ ግን ሌባውን ሥራ የሚያስፈታ። መጀመሪያ የመጣው መሪውን የሚቆልፈው ብረት ነው። ቁልፉ ሲወጣ መሪው አይዞርም። ሌባው ሞተሩን ቢያስነሳ እንኳ ከቆመበት ወጥቶ ገደል ወይም ግድግዳ ከመግባት በቀር የትም አይደርስም። ምዕራብ ጀርመን በ1961 በአዳዲስ መኪኖች ላይ እንዲገጠም አስገደደች። አሜሪካ በ1970 ተከተለች።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው በቁልፉ ራስ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ነገር ነው። መኪናዋ ቁልፉን በማይሰማ ድምፅ "የኔ ነህ ወይ?" ብላ እንደምትጠይቅ ቁጠሩት። ቁልፉም የምስጢሩን ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ ካልተስማማ ሞተሩ ነዳጅም እሳትም አያገኝም። ሌባው ቢገፋ፣ ሽቦ ቢቆርጥ፣ ቢቀጥል አይነሳም። ጩኸት የለም። ጎረቤትም በሰላም ይተኛል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ1998 ይህ መሣሪያ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ እንዲገጠም አዘዙ። በኔዘርላንድ አገር የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በዚህ ምክንያት የመኪና ስርቆት በ40 ከመቶ ያህል ቀነሰ።

ሌቦቹም በበኩላቸው ነገሩን ተረዱት። መኪናዋ ያለ ቁልፍ እንደማትነሳ ባወቁ ጊዜ መኪናዋን ትተው፣ ቁልፉን ፍለጋ ወደ ባለቤቱ ቤት መግባት ጀመሩ።