የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ጕልበትና የነጋዴው ጥቅም

በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰውን ምድር ባቡር ይስብ የነበረው እንፋሎት ነው፤ ቈይቶም በዲዝል ሞተር ተተካ። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር ግን በኤሌክትሪክ ይሠራል። ከራቤል ደጋ በግና ባና ለገበያ የሚያወርድ ነጋዴ «ይህ ለውጥ እኔን ምን ይመለከተኛል?» ይል ይሆናል። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የሎኮሞቲቩን አሠራር መረዳት ይገባል።

ዲዝል ሞተር እንደ ምድጃ እሳት አየር ይሻል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ጕልበቱ ይቀንሳል፤ በዋሻም ውስጥ ጢሱ መውጫ ያጣል። ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ግን በላዩ ምንም አያነድም። ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይቀበላል፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል፤ መለወጫው መሣሪያ ኤሌክትሪኩን ለሞተሮቹ እንዲስማማ አድርጎ ያድላል፤ ሞተሮቹም መንኰራኵሮቹን ያዞራሉ።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚያገናኘው፥ በ1986 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የባሕር ሥር ዋሻ ነው። በዚያ የጭነት መኪናዎችን የሚያመላልሰው ባቡር ከፊትም ከኋላም ሎኮሞቲቭ አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ባቡሩን ከዋሻው ያወጣዋል። የእያንዳንዱ ጕልበት በመጀመሪያ ከ5 ሜጋ ዋት ተኩል ጥቂት የበለጠ ነበር። በኋላ ግን ባለቤቶቹ 7 ሜጋ ዋት ያላቸውን አዳዲሶች ጨመሩ፤ ከቀድሞዎቹም አንዳንዶቹን ሳይጥሉ አድሰው ወደዚሁ ልክ አሳደጓቸው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፥ መልካም መሣሪያ ሥራው ሲበዛ ይሻሻላል እንጂ ወዲያው አይጣልም። ሁለተኛ፥ ብርታት ያለ መጠባበቂያ አይታመንም።

የእኛ መሥመር ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ደጋ ይወጣል። ስለዚህ ከባድ ጕልበት የሚጠየቀው ዕቃ ከውጭ ሲገባ ነው፤ ወደ ውጭ የሚላከው ግን ቍልቍል ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜም ሞተሮቹ እንደ ፍሬን ሆነው ኤሌክትሪክ ሊያመነጩ ይችላሉ።

ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋውም ሐዲድ ከመንዝ ደጋ በስተምሥራቅ ባለው ቆላ ያልፋል፤ እርሱም በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ የደጋው ነጋዴ በባቡር ለመጫን ሲዋዋል ዋጋውን ብቻ አይጠይቅ፤ «ኃይል ቢቋረጥ መጠባበቂያው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሽቦው ኃይል ካጣ ብርቱው ሎኮሞቲቭ እንኳ ይቆማል፤ ባናው መዘግየቱን ይታገሣል፤ በጉ ግን ያለ ውኃና ያለ መኖ በፉርጎ ውስጥ ሊሰነብት አይችልም።