ጉዞው ወደ ጥር ይዙር፦ የበረዶ ወራት ድብርትና የሀገር ቤት ፀሐይ

በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር የምሥራቅ ጎጃሟ የቢቸና ልጅ የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ወደ ሀገር ቤት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ሐምሌንና ነሐሴን ነው። ምክንያቱ ይገባል፤ ልጆቹ ትምህርት ይዘጋላቸዋል፣ አሠሪውም በዚያ ወቅት ፈቃድ ለመስጠት አያስቸግርም። ነገር ግን ይህ ምርጫ አንድ ትልቅ ጥቅም ያስቀርበታል። በሚኖርበት አገር ፀሐይ እስከ ማታ ሦስትና አራት ሰዓት የማትጠልቅበትን ወቅት ትቶ የጎጃም ዝናብና ጉም ውስጥ ይገባል፤ የሰሜኑ ጨለማ ሲመጣ ደግሞ ፈቃዱን ጨርሶ፣ ጥሪቱንም አውጥቶ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ምንም የሚጠብቀው ነገር ሳይኖር ያሳልፋል። ጉዞው ወደ ጥር ቢዞር በዚያው ገንዘብና በዚያው ፈቃድ ዘመድ መጠየቅም፣ የበረዶውን ወራት ድብርት ማቅለልም ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን ጉዞው አስቀድሞ ሲታቀድና ዕረፍትነቱ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

በበረዶ ወራት የሚመጣው ድብርት ከስንፍናም ከናፍቆትም ጋር ብቻ የሚያያዝ አይደለም። ጆሃንስበርግ ተወልዶ ያደገው ሐኪም ኖርማን ሮዘንታል ወደ ኒው ዮርክ ከተዛወረ በኋላ ብርዱ ሲገባ ጉልበቱ እየከዳው፣ ፀደይ ሲመጣ ደግሞ እየተመለሰለት እንደሚሄድ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ይህ ሁኔታ ወቅትን ተከትሎ የሚመላለስ የድባቴ ሕመም ሆኖ ተገለጸ። ምልክቶቹ ከሌላው ድባቴ ለየት ይላሉ፤ ሰውየው ከወትሮው አብዝቶ ይተኛል፣ ጣፋጭና ዱቄት ነክ ምግብ ያምረዋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ከሰው ይሸሻል። ዋናው ተጠርጣሪ የጠዋት ብርሃን ማነስ ነው። እንቅልፍንና ንቃትን የሚቆጣጠረው የሰውነት ሰዓት በየጠዋቱ የሚስተካከለው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነውና፣ ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ሲመለስ ሰዓቱ ይዛባል። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ሕመሙ በፍሎሪዳዋ ሳራሶታ 1.4 ከመቶ፣ በሰሜኑ ኒው ሃምፕሸር ደግሞ 9.7 ከመቶ ሰው ላይ እንደሚታይ ገልጿል። ሙሉ ሕመም ደረጃ ሳይደርስ ቀለል ባለ መልኩ የሚሰማው ሰው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል።

ወደ ሐሩሩ ዓለም ለዕረፍት መሄድ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው የባሕር ዳርቻና ዘንባባ ነው። የምሥራቅ ጎጃሟ ሞጣ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ግድም፣ በሐሩር ክልል ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ቀዝቀዝ የምትለው ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ነው። በዓመቱ አጭሩ ቀን ስቶክሆልም ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ብርሃን ስታገኝ፣ ሚኒያፖሊስም ከዘጠኝ ሰዓት ሲያንሳት፣ ሞጣና ቢቸና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያገኛሉ። የቀኑ ርዝመት ብቻም አይደለም። ተራ የቢሮ መብራት ከ300 እስከ 500 ሉክስ ቢሰጥ፣ ሐኪሞች ለዚህ ሕመም የሚያዝዙት ልዩ መብራት 10,000 ሉክስ ነው። ደመና በሌለው የጥር ቀን በጎጃም ደጅ የቆመ ሰው እኩለ ቀን ላይ ወደ 100,000 ሉክስ የሚጠጋ ብርሃን ያገኛል። በነሐሴ ግን ያው ደጅ በከባድ ደመና ተሸፍኖ ብርሃኑ ብዙ እጥፍ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የጉዞው ወር የብርሃኑን መጠን ይወስናል፤ መድረሻው አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ወር የሚገኘው በሌላው አይገኝም።

የጎጃም የእርሻ ዘመንም ይህንኑ ይደግፋል። ሐምሌና ነሐሴ ገበሬው ጤፍ የሚዘራበት፣ የሚያርምበት፣ ጎተራውም የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው፤ ከነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ይገባል። ከውጭ የመጣ እንግዳ ቤተሰቡ በሥራ በተወጠረበትና እጁ ባጠረበት ሰዓት ይደርስና የሚያጫውተው ሰው ያጣል፤ መንገዱም ጭቃ ነው። በጥር ግን አዝመራው ተሰብስቧል፣ ውቂያው አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው፣ ገናም ታኅሣሥ 29 ላይ አልፏል። ከዚያ ጥምቀት በ11፣ አስተርእዮ ማርያም በ21 ይከተላሉ፤ የሠርጉም ወራት ይኸው ነው። ድብርት የያዘው ሰው በራሱ ኃይል የማይፈጥረውን ነገር፣ ማለትም ከቤት መውጣትን፣ ከሰው መቀላቀልን፣ መራመድን፣ ይህ ወር በልማዱ ያመጣለታል። ታቦት አጅቦ ጥምቀተ ባሕር ወርዶ የሚመለስ ሰው በደማቅ ብርሃን፣ በሕዝብ መካከል፣ በእግሩ ብዙ ሰዓት ያሳልፋል። ሐኪም ቢጠየቅ የሚያዝዘው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ዕቅዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 1,530 ሰዎችን ጠይቆ፣ ለዕረፍት ሊጓዙ ያሉት ከማይጓዙት ይልቅ ደስተኞች ሆነው የተገኙት ከጉዞው በፊት እንደሆነ አሳይቷል። ከተመለሱ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ ብልጫ የታየው ዕረፍታቸው እጅግ ዘና ያለ ነበር ባሉት ላይ ብቻ ነው። ሌላ የዚያው አገር ጥናት ደግሞ ረዘም ያለ ዕረፍት የወጡ ሠራተኞችን ተከታትሎ፣ ደኅንነታቸው በስምንተኛው ቀን ግድም ከፍተኛ ደረጃ ላይ እንደሚደርስ፣ ሥራ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ ገልጿል። ከሁለቱ የምንማረው ግልጽ ነው። ትኬቱን በኅዳር መጨረሻ በችኮላ የሚቆርጥ ሰው ከጉዞው ጥቅም ትልቁን ክፍል፣ የመጠበቁን ደስታ፣ ያጣዋል፤ ብርሃኑ መቀነስ በሚጀምርበት በመስከረም ቆርጦ የተቀመጠ ሰው ግን ጥቅምትን፣ ኅዳርንና ታኅሣሥን የሚጠብቀው ነገር ይዞ ያልፋል። ድብርት ነገን ይዘጋል፤ ቀን የተቆረጠለት ጉዞ ደግሞ ነገን ይከፍታል። ይህ ከሕክምናውም ጋር ይስማማል። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ኬሊ ሮሃን በመራችው ጥናት፣ አስተሳሰብን ማረምና ደስ የሚያሰኝ ተግባር አስቀድሞ ማቀድ የተማሩ ሕሙማን ከሁለት የብርድ ወቅቶች በኋላ ሕመሙ የተመለሰባቸው 27 ከመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ በመብራት ብቻ ከታከሙት 46 ከመቶ ያህሉ ተመልሶባቸዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ 10,000 ሉክሱ መብራት ከአውሮፕላን ትኬት በብዙ እጥፍ የሚረክስ ከሆነ ለምን ጉዞ ያስፈልጋል ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። እውነት ነው፤ በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ከመብራቱ ፊት መቀመጥ ለብዙዎች ጠቃሚ መሆኑ ተረጋግጧልና የጥር ጉዞ እሱን አይተካም። ጉዞውን የምደግፈው ዘመዱን ለመጠየቅ ለማንኛውም ለሚሄድ ሰው ነው፤ ወጪው የማይቀር ከሆነ ወሩን ማዛወር ተጨማሪ ጥቅም ያመጣል። ሌላው ተቃውሞ ጠለቅ ያለ ነው፦ አይስላንድ ከኒው ሃምፕሸር እጅግ በስተሰሜን ሆና ሕመሙ ግን እዚያ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ እንግዲያስ ብርሃኑ ብቻ ነውን? አይደለም። ትውልድና አኗኗር ሚና አላቸው። ግን የአይስላንድ ሰው በዚያ ጨለማ ውስጥ ለብዙ ትውልድ የኖረ ነው፤ የጎጃሞቹ የእነማይ ወይም የባሶ ሊበን ወረዳ ልጅ በሰማይ ጥራት ያደገ ነውና የእነርሱን መላመድ በእሱ ላይ መጠበቅ አይገባም። ከጥር ፀሐይ ተመልሶ የካቲት በረዶ ውስጥ መግባት ይብሳል የሚሉም አሉ። የመመለሱ ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም በጥር መጨረሻ የሚመለስ ሰው ቀኑ እየረዘመ ባለበት ጊዜ ነው የሚደርሰው።

የትምህርት ቤቱ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ቀላል መልስም የለውም። ልጆቹ ትምህርት ያልጀመሩ ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸው ያደጉላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ወሩን ለማዛወር ነፃ ናቸው። ሌሎች ባልና ሚስት ተራ ሊገቡ ይችላሉ። የትኬት ዋጋ ከፈረንጆች ገና በፊት ይንራል፤ ከጥር መግቢያ በኋላ ግን መንገደኛው ስለሚሳሳ አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል።

አንድ ጉዳይ በዝምታ አይታለፍም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ምሥራቅ ጎጃምንም ነክቷል፤ ወደ ሞጣ፣ ቢቸና ወይም የጁቤ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እዚያው የሚኖረውን ዘመድ ስለ መንገዱ ይጠይቁ፤ ቀኑ የሚለወጥ ትኬት ይግዙ። ሰላሙ ካላስተማመነ ወላጆችን አዲስ አበባ መጥራትና ከእነርሱ ጋር ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ መቆየት ይቻላል። አገር ቤት ገብቶ የትውልድ ደጅን አለማየት እንደሚያምም አውቃለሁ። የጥር ፀሐይ ግን እዚያም አለች፤ እናትም አጠገብ ናት።

መንገዱ ክፍት ሲሆን ደግሞ ዕረፍቱን ከግዴታ መጠበቅ ያሻል። ከውጭ የመጣ ሰው ዕረፍት የሚያጣው በአብዛኛው በፍቅር ነው፤ ለቅሶ ያልደረሰበትን ቤት ሁሉ ሊደርስ፣ ሻንጣ ሙሉ ስጦታ ሊያከፋፍል፣ በየቤቱ ሊበላ ይገደዳልና። የመጠየቁ ልማድ ክቡር ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የኔዘርላንድስ ጥናት ጥቅሙ የቆየላቸው ዘና ያሉት ብቻ መሆናቸውን ነግሮናል። መፍትሔው ከመሄድ በፊት ከአንድ የሚታመን የቤተሰብ ሰው ጋር መመካከር ነው። እሱ ጥየቃውን በጥቂት ቀናት ሰብስቦ ይይዛል፤ ለስጦታና ለእርዳታ የሚወጣው ገንዘብም መጠኑ ቀድሞ ይወሰናል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትከር በእግር መውጣት፣ አንድ ቀን ለዲማ ጊዮርጊስ ወይም ለመርጡለ ማርያም ገዳም መስጠት፣ ከሰዓት በኋላ ደጅ መቀመጥ ይበቃል። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው የሰዓት ልዩነቱ ስለሚያንገላታው ከሁለት ሳምንት ባያንስ ይሻለዋል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ወይም ባሕር ዳር የሚያድር ደግሞ ስለ ወባ መከላከያ ቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ በውጭ ብዙ ዘመን የኖረ ሰውነት የቀድሞ መቋቋሚያውን ያጣልና።

ድብርቱ ሥራ ከማስተጓጎል፣ መኝታ ላይ ከማስቀረት፣ ሕይወትን ከማስጠላት ከደረሰ ጥርን መጠበቅ አይገባም፤ በኅዳርም ሆነ በታኅሣሥ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለተቀረው አንባቢ ግን ይህን እለምናለሁ፦ በመጪው መስከረም ከአሠሪዎ ጋር ስለ ፈቃድ ሲነጋገሩ ሐምሌን ከመጻፍዎ በፊት ጥርን ይጠይቁ።