ራዲዮው ነው ወይስ ተራራው?

ጥያቄ፦ ጎንደር ሱቅ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማ ራዲዮ ለአባቴ ገዛሁ። ደባርቅ ወስጄ ስከፍተው ግን ሽ ይላል። አንቴናውን በእጄ ስይዘው ይጠራል፣ ስለቀው ይብስበታል። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ለአባትዎ ብለው ያወጡት ገንዘብ ባክኖ እንዳይቀር መስጋትዎ ተገቢ ነው። ሻጩን ለመውቀስ ግን አይቸኩሉ። ሲይዙት መጥራቱ ደግ ምልክት ነው፤ ራዲዮው ይሠራል፣ የሚደርሰው ሞገድ ግን ደካማ ስለሆነ ሰውነትዎ አንቴና ሆኖ ያግዘዋል።

ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ይሰራጫል። እንደ አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ነጥሮ ሩቅ አገር አይደርስም፤ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመሀል ያለውን የወገራን ዳገት ቁልቁለት ለእርስዎ አልነግርም። ከገደል ነጥሮ ዘግይቶ የሚመጣው ሞገድ ከዋናው ጋር ሲጋጭ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። አንድ ሜትር ፈቀቅ ሲያደርጉት የሚጠራው ለዚህ ነው። እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲው ያለ የማኅበረሰብ ራዲዮማ የተቋቋመው ለአካባቢው አድማጭ ነው፤ ደባርቅ ላይ ባይሰማ አይግረምዎ።

ባለሙያ መቃኛን፣ ማለትም ጣቢያ የሚመርጠውን ክፍል፣ የሚለካው መጠኑ የታወቀ ሞገድ በሚያመነጭ መሣሪያ ነው። በስንት ማይክሮ ቮልት (የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ) ንጹሕ ድምፅ እንደሚያወጣና ጎረቤት ጣቢያን ምን ያህል እንደሚለይ ያያል። እርስዎ ግን የጎረቤት ራዲዮ ይበቃዎታል። ለሁለቱም አዲስ ባትሪ ያድርጉ፤ በየተራ እዚያው መደብ ላይ አስቀምጠው አንዱን ጣቢያ ይክፈቱ። ሁለቱም ሽ ካሉ ጥፋቱ የቦታው ነው።

እንዲህ ከሆነ ወደ ጎንደር አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሚያየው መስኮት አጠገብ ያኑሩት። 75 ሳንቲ ሜትር ሽቦ አንቴናው ላይ ማሰር ይረዳል፤ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ ሩቡ ነው። ስቴሪዮ (የግራና የቀኝ ድምፅ ለይቶ የሚያሰማ) ማጥፊያ ካለው ያጥፉት፤ ስቴሪዮ ብርቱ ሞገድ ይፈልጋል።

የጎረቤትዎ እየጠራ የእርስዎ ብቻ ሽ ካለ፣ ሲሞቅ ጣቢያው የሚሸሽ ከሆነ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው ደረሰኝዎን ይዘው ወደ ሻጩ ይመለሱ። ጠጋኝ ዘንድ ከወሰዱት፣ ያለ መለኪያ የውስጡን ጥቅልል ሽቦ (ኮይል) በመፍቻ የሚያዞር እጅ አያግኘው፤ ብዙ ደኅና ራዲዮ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ሽቦውን ጣሪያ ላይ እንዳይሰቅሉት አደራ። ክረምት ነጎድጓድ ገና ከሩቅ ሲሰማ አባትዎ ሽቦውን ፈትተው፣ ራዲዮው በመብራት የሚሠራ ከሆነም ሶኬቱን ነቅለው ይጠብቁ።